የሽማግሌው አዲስ ፕሮሰሰር

አልገባም አለ። ዋስትና ፕሮሰሰሩን ጠርዝ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረው፤ የማዕዘኑን ምልክት ከመቀመጫው ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተያይቶ እንደገና ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። አሁንም አልተቀመጠም። የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ማዘርቦርዱ ላይ አጎነበሰ። ፕሮሰሰሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ክፍተቶች ቦታ ቀይረዋል። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ልዩነት ናት፤ ቁልፍም በር አልከፍት የሚለው ይህችኑ በምታህል ልዩነት ነው።

"አይ ጉዴ!" አለ ለብቻው።

በሕንፃው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ገዢ በመጣ ቁጥር "ዋስትና አለው?" ብሎ ሲጠይቀው ደረቱን መታ አድርጎ "ዋስትናው እኔ ነኝ!" ስለሚል ዋስትና ብለውት ቀሩ። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍበት ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ሁሉ ኮምፒውተር ሻጭ ነው። ልክ ከፊት ለፊቱ ቀጭኑ የሚሉት ሻጭ ሱቅ አለ።

ፕሮሰሰር የሚሠሩት ሁለቱ ኩባንያዎችም ኮሪደሩ ውስጥ ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። አንዱ ሽማግሌው ነው፤ ገበያውን ለብዙ ዘመን ብቻውን ይዞት የኖረ፣ ዋጋ ሲቆርጥ የሚከራከረው ያልነበረ። ሌላው ጎረምሳው ነው። ጎረምሳውን ለዓመታት ስቀውበታል፤ ይሞቃል፣ ይደክማል፣ ቶሎ ይሞታል እያሉ። አንድ ዓመት ግን ጎረምሳው ከእንቅልፉ ነቃና ፈጣን፣ ዋጋውም የሚቀመስ ፕሮሰሰር ይዞ ብቅ አለ። ያኔ ሁሉም ደስ አለው። ተፎካካሪ ሲበዛ ገዢ ያተርፋል ተባለ። እውነት ነው፤ ያን ቀን ሊገዛ ለመጣ ሰው እውነት ነው። ትናንት ገዝቶ የሄደውን ግን የጠየቀው የለም።

ሽማግሌው ጨነቀው። የጨነቀው ደግሞ እርጉዝ ያገባል። ጎረምሳውን ለመቅደም ሲጣደፍ አዲሱን ፕሮሰሰር በአዲስ ሶኬት አወጣው፤ የድሮው ቦርድ ሜዳ ላይ ቀረ።

ዋስትና ይህን ማወቅ ነበረበት። ዕቃውን ሲያዝዝ አንድ ጥያቄ፣ "ሶኬቱ ያው ነው?" የምትል ጥያቄ ትበቃው ነበር። አልጠየቀም። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ክራባት ያሰረ የኩባንያው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ይህ ቦርድ የሚመጡትንም ፕሮሰሰሮች ይሸከማል ብሎ ነበር። ዋስትና አጨበጨበ፤ ቆብ ተሰጠው፤ ቆቡን አድርጎ ተመለሰና ለገዢ ሁሉ "ዛሬ ቦርዱን ግዙ፤ አዲሱ ሲመጣ ፕሮሰሰሩን ብቻ እቀይርላችኋለሁ" ማለት ጀመረ። ይህን ሲል ሲል ከርሞ ከማንም በፊት ራሱን አሳመነ። ሚስቱ በወቅቱ "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል" ብላው ነበር። ሳቀባት። መጋዘኑን እስከ ጣሪያው በሽማግሌው ቦርድ ሞላው።

አሁን ስልኩ ላይ የጮኸችው እሷው ነች።

"እማዬ ወዳንተ እየመጣች ነው። እንዳታስጠብቃት፣ እሺ? ከጠዋት ጀምሮ ስላንተ ነው የምታወራው።"

"እሺ።"

"ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ምንም። አቧራ ነው።"

አማቱ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አላቸው። ሁለት ሴት ልጆች ቀጥረው ሠርግ ያቀናብራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት በአማቻቸው ቃል አምስት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ገዝተዋል። ለእነሱ ያዘዛቸው አምስቱ አዲስ ፕሮሰሰሮች ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱም አይገባም።

ስልኩን ገና ሳያስቀምጥ አስመጪው በበሩ ገባ። ለኮሪደሩ ሱቆች ሁሉ ዕቃ የሚያመጣው ይህ ሰው ነው፤ ለዋስትና የሽማግሌውን፣ ለቀጭኑ የጎረምሳውን። ሽማግሌው ቢያሸንፍ እሱ ይሸጣል፤ ጎረምሳው ቢያሸንፍም እሱ ይሸጣል። ስለዚህ ዘወትር ደስተኛ ነው።

"ሶኬቱ መቀየሩን አላወቁም ነበር፣ ጋሼ?" አለው ዋስትና።

"እኔ ካርቶን ነው የማስመጣው። ውስጡን የምታውቀው አንተ ነህ።" ከኮቱ የውስጥ ኪስ ትንሽ የፕላስቲክ ትሪ አወጣ። "ደግሞ ባዶ እጄን አልመጣሁም። እነዚህ ለድሮው ቦርድ ናቸው። ትልቁ ሞዴል።"

"እሱን እኮ ማምረት ካቆሙ ከረመ።"

"ለዚህ ነዋ በኪስ የመጣው።"

ዋስትና አንዱን አንስቶ መብራት ስር አደረገው። ብረቱ የቆየ ነው፤ ጠርዙ ማቀዝቀዣው ፋን ሲነሳና ሲጫንበት የከረመ ጭረት አለው። ጽሑፉ ግን ዛሬ ጠዋት የተጻፈ ይመስላል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጠረገው። ጥጡ ላይ ግራጫ ቀለም ወጣ።

"ተፍቆ የተጻፈ ነው። ትንሹ ሞዴል ነው ይሄ።"

"ታዲያስ? ትንሹ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ይሠራል። ጽሑፉን ደግሞ ማን ያነበዋል? ፋን ይከደንበታል።"

"ማሽኑ ሲከፈት ትክክለኛ ስሙን ያሳያል።"

"ገዢዋ አማትህ ናቸው አይደል? ስክሪን ላይ ስም ፈልገው የሚያነቡ ይመስልሃል?" አስመጪው ፈገግ አለ። "አንተ ካልክ፣ አለ ነው ለሳቸው።"

ዋስትናን ያመመው ይህ ነው፤ እውነት ስለሆነ።

"ሥራቸው አይፈጥንም፣ ጋሼ።"

"ይፈጥናል ብለው ካሰቡ ትንሽ ይፈጥንላቸዋል።" በራሱ ቀልድ ሳቀ። "ትሪውን ትቼልሃለሁ። ቀጭኑ ጋ ነኝ። አስብበትና ንገረኝ።"

ዋስትና አሰበበት። ማሰብ ብቻ ሳይሆን እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ሄደ፤ ከትሪው አንዱን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ባለው ቦርድ ሶኬት ላይ አስቀመጠው። ገባ። ጠቅ ብሎ፣ እንደ ቤቱ ገባ። ለጥቂት ወራት ዝምታ ይገዛልኛል ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በኋላ ቪዲዮው ቢዘገይ ሶፍትዌሩ ከበደ ይባላል፣ ኤሌክትሪኩ ደከመ ይባላል፣ ሰበብ ሞልቷል። ይህን ሁሉ ሲያሰላስል ፊቱ እንደሚግል ታወቀው። አፍሮ ነበር፤ ግን ፕሮሰሰሩን አላወጣውም።

አማቱ በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ቆሙ።

"ይሄ ሊፍታችሁ የሚሠራው መቼ ነው? እኔ ሳልሞት ነው ወይስ ሞቼ?"

"ይቀመጡ፣ እማማ።" ወንበር ጠርጎ ሰጣቸው።

ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ካሜራ ይዘው የቆሙ ሴት ናቸው፤ ዝም ሲሉ እንኳ ሰውን በሌንስ እንደሚያዩት ነው የሚያዩት።

"የአዳራሹ ባለቤት ጠራኝ" አሉ። "ከእንግዲህ ሙሽሮቹ ገና አዳራሹ ውስጥ እያሉ የጠዋቱ ቪዲዮ ተቀናብሮ በትልቁ ስክሪን እንዲታይ ነው የምፈልገው አለኝ። ራት ሳይነሳ! ከመንገዱ ማዶ ያሉት ፎቶ ቤቶች ያደርጉታል አሉ፤ የጎረምሳችሁን ማሽን ገዝተው። 'ቅዳሜ ሞክረሽ አሳዪኝ፤ ካልሆነ ውሉን ለነሱ ነው የምሰጠው' አለኝ።"

"ቅዳሜ?"

"ቅዳሜ። አዳራሹ ከሄደ እኔ ጋ የሚቀረው ጉርድ ፎቶ ነው። በጉርድ ፎቶ ደግሞ ሁለት ልጅ ቀጥሬ አልኖርም፤ ዘግቼ ቤት መግባት ነው።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "ግን አልደነገጥኩም። 'አማቼ ፕሮሰሰሩን ብቻ ይቀይርልኛል፤ ቅዳሜ ና' አልኩት። እንዴት ያለ ፊት እንዳሳየኝ ብታይ!"

ዋስትና ጥጡን በጣቶቹ መሃል አሻሸ።

"እማማ፣ አይገባም።"

"ምኑ?"

"አዲሱ ፕሮሰሰር። ሶኬቱን ቀየሩት። የእርስዎ ቦርድ ላይ አይገባም።"

አማቱ ጠረጴዛው ላይ ዓይናቸውን አንከራተቱ። ጣታቸውን ዘርግተው አመለከቱ። "ይሄ ገብቶ የለም እንዴ?"

አጠገቡ ያለው ሶኬት ውስጥ የተፋቀው ፕሮሰሰር ተመቻችቶ ተቀምጧል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "አዎ" ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥል ነበር፤ እሑድ ምሳ፣ ምርቃቱ፣ "አማቼ" የሚሉበት ኩራት።

"ይሄ ውሸት ነው" አለ። በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣውና ትሪው ላይ ጣለው። "ትንሹ ሞዴል ላይ የትልቁን ስም ጽፈውበት ነው። ልሸጥልዎት ነበር።"

አማቱ የተጣለውን ፕሮሰሰር አተኩረው አዩት። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ካርቶን እየጎተተ አለፈ።

"ያኔ ለምን ማልክልኝ ታዲያ?"

"አምኜ ነው፣ እማማ።"

"እኔም አምኜ ነው" አሉ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። "አንተ ያመንከው ክራባት ያሰረ ሰው ነው። እኔ ያመንኩት አንተን ነው።" ቦርሳቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ቤቴ ድረስ ገብቶ ልጄን አግብቶ ይጥለኛል አላልኩም።"

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ግን እሱ ነገም ሱቁን የሚከፍት፣ ማታ ከልጃቸው ጋር አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው።

"ይነሱ እማማ፣ እንሂድ" አለ በመጨረሻ።

"ወዴት?"

"ማዶ።"

ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ ዋስትና ግን ያን ደፍ ለመግዛት ብሎ ተሻግሮት አያውቅም። ቀጭኑ ሲያያቸው የያዘውን ብሎን ፈቺ አስቀመጠ። አስመጪው ከጥግ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

"ለቪዲዮ የሚሆን ማሽን አሳያቸው" አለው ዋስትና። "ፈጣኑን።"

ቀጭኑ አንዴ ዋስትናን፣ አንዴ አማቱን አየ። የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ ግን ሻጭ ነውና ፊቱ በራ። አንድ ማሽን ከፍቶ የሠርግ ቪዲዮ ጫነበት። መስመሩ እየሮጠ ሞላ። አማቱ የቀጠሯቸው ልጆች ከረፋድ እስከ ማታ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሥራ ዓይናቸው እያየ አለቀ። ዋጋውን ሲነግራቸው አማቱ ዞር ብለው አማቻቸውን አዩት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንዱ ከከፈሉት ያነሰ ነበር።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አሉ ለራሳቸው።

"እናቴ" አለ ቀጭኑ እየሞቀው፣ "ይሄን ቦርድ ገዙ ማለት ተገላገሉ ማለት ነው። ጎረምሳው እንደ ሽማግሌው ቃሉን የሚያጥፍ አይደለም። አምስቱንም አሁን ይቀይሩ፤ ወደፊት አዲስ ሲወጣ ፕሮሰሰሯን ብቻ ንቅል አድርጎ መቀየር ነው። በኔ ይሁንብዎ!"

ዋስትና የራሱን አፍ በሌላ ሰው ፊት ላይ አየ። ቀጭኑ አይዋሽም፤ ያ ነው የሚያሳዝነው። እሱም የሆነ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭቦ መጥቷል።

አማቱ ግን ቀጭኑን አላዩትም። ወደ ዋስትና ዞሩ።

"እውነት ነው?"

ኮሪደሩ ውስጥ ከመንግሥት ሕግ የሚጠብቅ አንድ ሕግ አለ። ገዢ አንዱ ሱቅ ውስጥ ከቆመ ሌላው ሻጭ አፉን ይዘጋል። ይህን የጣሰ አንድ ሰው ነበር፤ ብሎን የሚያበድረው አጣ፣ አስመጪው ዕቃ ከለከለው፣ ከወራት በኋላ በሩ ላይ "የሚከራይ" ተለጠፈ። ዋስትና መጋዘኑን አሰበ፤ እስከ ጣሪያው የተከመረውን፣ ያለ አስመጪው እርዳታ ሸጦ የማይጨርሰውን ቦርድ። ሚስቱን አሰበ።

አስመጪው ከስልኩ ቀና አለ። "አንተ" አለው በቀስታ፣ እንደሚመክር ሰው፣ "የሰው ገበያ ነው።"

አማቱ አሁንም ይጠብቁታል። የድሮው ዓይናቸው አይደለም፤ ከእንግዲህ ያ ዓይን እንደማይመለስ ገብቶታል። ቢሆንም የጠየቁት እሱን ነው።

"አይደለም፣ እማማ" አለ። "የሚቀጥለው ይግባ አይግባ እሱም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ለቅዳሜ ይሆናል። አምስት አይግዙ። አንዱን ብቻ፣ ለቅዳሜ ብለው ይግዙ።"