ለለቅሶ ዝም ያለው ሞተር

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ በሩን ገርበብ አድርጉትና ብርዱ ከደጅ ይቅር። የኡሙልኸይርን ነገር ላውጋችሁ።

መኪናዋ ግቢ ስትገባ ኡሙልኸይር አልሰማቻትም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ከሴቶቹ መሀል ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ስትል፣ የባሏ ወዳጅ የሾፌሩ የአምላኩ አሮጌ ሚኒባስ ከድንኳኑ አጠገብ ቆማለች። ያቺ መኪና ድሮ ከገበያው ማዶ ጀምሮ ጠክ ጠክ ጠክ እያለች ነበር የምትመጣው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ሕፃን እንኳ "አምላኩ መጣ" የሚለው በጆሮው ነው።

የኡሙልኸይር ባል ጀብሪል መካኒክ ነበር። ከተቀበረ ገና ቀናት ቢሆነው ነው። ለቀስተኛው ይገባል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ የጀብሪል እናት እማማ ሸጋዬ ከአጃቢ ዘመዶቻቸው ጋር በአምላኩ መኪና ወደ አቀስታ ሊመለሱ ነው። "የልጄን ጠረን እሷ ላይ ላሽት" ብለው ለምነው የልጅ ልጃቸውን ትንሿን ሁዳንም ሊወስዷት ነው። ኡሙልኸይር እሺ ብላ የልጅቱን ወፍራም ሹራብ አልብሳታለች።

አምላኩ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

"እግዜር ያጽናሽ እቴ።"

"አሚን። አምላኩ፣ የመኪናህ ድምፅ የት ሄደ?"

ሰውዬው አፈር አለ። "በቀብሩ ዕለት እየተንጫጫሁ መጥቼ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ለቅሶ ቤት ከበሮ እየመቱ ይመጣል? ትናንት ክዳኑን ከፈትሁና ቫልቮቹን ጠበቅ ጠበቅ አደረግኋቸው። እሱ ሲሠራ ስንቴ አይቻለሁ! ይኸው ለጀብሪል ክብር ዝም አለች።"

"ጎሽ፣ ወዳጅ እንዲህ ነው!" አሉ አንዲት አሮጊት።

ኡሙልኸይር ስኒዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

በተጋቡ ሰሞን ጀብሪል እዚሁ ግቢ አንድ ሞተር ከፍቶ፣ እሷ ባትሪ እያበራችለት፣ "ነይ እይ" ብሏት ነበር። "ይቺ ቫልቭ በር ናት፤ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ስትግል ብረቷ ይረዝማል። መርዘሚያ ክፍተት ካልተውሽላት ጥርቅም ብላ አትዘጋም፤ እሳቱ በስንጥቋ እየሾለከ ይበላታል።"

"ጠክ ጠክ የሚለው ክፍተቱ ነው?"

"እህ! ብዙ ስትጮህ ልክ አይደለችም፤ ትንሽ ማንኳኳቷ ግን ጤናዋ ነው። ስትንኳኳ ኖራ ድንገት ዝም ስትል ያኔ ፍሪ።"

"እንደ ሚስት በለኛ!"

"አንቺማ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? ያ አላህ፣ ጆሮዬ!"

እንዲህ የሚያስቅ ሰው ነበር። አሁን ግን ሳቁ አልመጣላትም፤ የመጣባት ዳገቱ ነው። ጉም የሸፈነው የአቀስታ መንገድ፣ ሰው የሞላት መኪና፣ እየጋለ የሚደክም ሞተር። ሞተሩ መሀል ዳገት ላይ ከጠፋ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ቢረግጡት አይዝም። መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ሁዳ ደግሞ የኋላ መስኮት ትወዳለች።

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ባሏን ቀብራ ስለ ብረት ታወራለች አይሏትም? ጀብሪልም ደረቱን ይዞ "ጨጓራዬ ነው፣ ወሬ አታድርጊው" ሲላት ሰው ፊት ላለማሳፈር ዝም ብላ ነበር፤ በዚያው አጣችው።

ደጁ ላይ እማማ ሸጋዬ "ሁዳዬ፣ ነይ ግቢ" ሲሉ ሰማች። ብድግ አለች።

የጀብሪል አጎት አቶ መሐሙድ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙባት። "ወዴት ነው? ባሏን ቀብራ ዒዳ የተቀመጠች ሴት ወንድ መሀል ትወጣለች?"

"አጎቴ፣ ከግቢዬ አልወጣሁም። ልጄን ከመኪናዋ ያውርዱልኝ።"

"ሐዘኑ ነው፣ አትፍረዱባት" ሲል አንዱ ተንሾካሾከ።

"አምላኩ፣ ሞተሩን አስነሣ።"

"ከአውራው መንገድ ሰው አድርሼ መመለሴ ነው እቴ፣ ግላለች።"

"ደግ፤ ጉዷ የሚታየው ስትግል ነው።"

ሞተሩ ተነሣ። ኡሙልኸይር ከኋላ ቁጢጥ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዘች። ሰው ሁሉ ከበባት። ጨርቁ ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ እያለ ወደ ውጭ ተነፋ። ልቧ መለስ ሊል ሲል ጨርቁ ድንገት ወደ ቱቦው እልም ብሎ ተሳበ። ደግሞ ተነፋ። ደግሞ ተሳበ።

"አዩ አጎቴ? ጤነኛ ሞተር ይተፋል እንጂ አይስብም። አንዷ ቫልቭ አልዘጋ ብላለች። ገና ሜዳው ላይ እንዲህ ከሆነች ዳገቱ ላይ ምን ልትሆን ነው?"

አቶ መሐሙድ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

"ያ አላህ!" አለ ክርስቲያኑ አምላኩ፣ ራሱን ይዞ። "ላከብረው ብዬ ልጁን ልገድልበት ነበር!"

"መንገደኛ ሁሉ ውረድ" አሉ አቶ መሐሙድ። "ዛሬ እዚሁ ናችሁ።"

እማማ ሸጋዬ ሁዳን አቅፈው ወረዱ። "ልጄ ሞቶም ያሳድረኛል" አሉና አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ኡሙልኸይር ጀብሪል ክፍተት ይለካባቸው የነበሩትን ስስ የብረት ቅጠሎች ይዛ ወጣች። አምላኩ ብሎኑን ያላላል፤ እሷ ቅጠሏን እያስገባች ትስባለች።

"ይቺ አልገባችም፣ ክፍተቱን ጨምር። ትንሽ። አሁን በዛ፣ መልስ። አዎ፣ ያዝ እያደረገች ትውጣ።"

"ደግሜ ባበላሻትስ?"

"እኔ እለካለሁ። ሥራ።"

ክዳኑ ተገጠመ። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪግል ቆዩና የነጠላዋን ጫፍ እንደገና ያዘች። ተነፋ እንጂ አልተሳበም። ብዙ ጠበቀች፤ አልተሳበም። ቫልቯ ሳትቃጠል ተደርሶላታል። ያ ጠክ ጠክ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ ከቤት ብቅ ብቅ አሉ። ማንም ነውር ነው አላለም።

ሁዳን አሳፈረቻት። እጇን ለመልቀቅ ግን ጊዜ ወሰደባት። መኪናዋ ከግቢ ወጣች። ኡሙልኸይር ድምፁ ከገበያው ማዶ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውላ፣ ዞር ብላ ሳታይ፣ እንደ ልማዷ፣ ጀብሪል ይቆምበት ወደነበረው ወደ ቀኟ ዘረጋች። የሚቀበላት የለም። እጇን ግን ቶሎ አልሰበሰበችውም።

ልጆቼ፣ ያ የተዘረጋ እጅ ከልባችሁ አይጥፋ፤ አደራ።