የእቴቴ መቀስ

የእህቴ ባል የእህቴን መቀስ ለሐውልት መስጠቱን የነገረችኝ ጎረቤት ናት። ደሜ ፈላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረርሽኙ የሞቱብን ሰዎች እንዲታወሱ አደባባዩ ላይ የብረት ዛፍ ሊቆም ነው። ቅጠሎቹ የሟቾቹ የሥራ ዕቃዎች ናቸው፤ የግንበኛ ማንኪያ፣ የመካኒክ መፍቻ፣ የአስተማሪ ደወል። ቤተሰብ ያመጣል፣ ቀራፂዋ ትበይዳለች። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የእህቴን፣ የእቴቴን የጨርቅ መቀስ? ልብስ መቁረጥ ያስተማረችኝ በእሷ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ እቴቴን እንኳን ልቀብር፣ በመስኮት እንኳን አላየኋትም። መቀሷ ያለችበትን የስፌት ማሽኗን መሳቢያ ለመክፈት እስከ ዛሬ አቅም አጥቻለሁ። አንዴ ከተበየደች ደግሞ አለቀ፣ መመለሻ የላትም።

ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ብየዳ ቤቱ ደረስኩ። ቀራፂዋ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ውሃ ትጠጣለች።

"የልብስ ሰፊዋ መቀስ የታለች?"

"ውይ፣ አሁን ገና በየድኳት" ብላ ወደ ላይ ጠቆመችኝ።

እንደምንም ቀና ብዬ አየሁ። ቀይ የፕላስቲክ እጀታ። ጫፏ የዶለዶመ።

የወረቀት መቀሳችን!

ኡፍፍ! እዚያው የብረት ክምር ላይ ዘፍ አልኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። ቀራፂዋ ያበድኩ መስሏት የምትጠጣውን ውሃ ሰጠችኝ።

የጨርቅ መቀስ ወረቀት ከተቆረጠባት ትደንዛለች፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊ ሁለቱን ይለያል። እቴቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። ጋሼ፣ ባሏ፣ አንዴ በጨርቋ መቀስ ፖስታ ሊቀድ ሲል የወረደበትን መዓት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ቤት ገብቼ "ጋሼ፣ የጨርቋን ለምን አልሰጠሃቸውም?" አልኩት።

"እሷንማ እንዴት ብዬ ልንካ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብትሰማኝስ?"

መሳቢያውን ከፈትኩ። መቀሷ ዘይት እንደተቀባች፣ በቁራጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ተኝታለች። እጄ ውስጥ ልክ ገባች። እፎይ አልኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ቀለለኝ።

ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ራሱን አከከ። "እንግዲህ የወረቀቷ ሄዳለች። በዚቺ ካርቶን ብቻ ቆረጥ ላድርግ?"

"እጅህን ሰብስብ! ዋ!"

ጩኸቱ ከእኔ አፍ ወጣ እንጂ ድምፁ ቁርጥ የእቴቴ ነበር። ጋሼ እጁን ሰበሰበ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከንፈሩ ግን ይስቃል።

"እስቲ" አለኝ "አንዴ ድገሚልኝ።"