እኔ እንጠብቃለን

እንዳለው የሚባለው ቲቸር ቀይ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው ክፍል የሚገባው። አማርኛ ነው የሚያስተምረው። ሰባተኛ «ለ» ውስጥ ሰባ ሦስት ተማሪ አለ፤ የሰባ ሦስቱም ደብተር በዚያ ቀይ ቀለም ይደማል። የዚያን ቀን ግን የጀዊሪያን ደብተር ነጥሎ አነሳ።

«ስሙኝማ» አለና አነበበ። «‹እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሽላ እንጠብቃለን።› ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?»

የክፍሉ ቀልደኛ መህዲ ዝም ማለት አልፈጠረበትም። «ስህተት የለውም ቲቸር። ንግሥት ሆና ነው። ንጉሥ ብቻውን ተቀምጦም ‹እኛ› ነው የሚለው።»

ሳቁ የጣራውን ቆርቆሮ ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ጀዊሪያም አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅምና፣ «አንተ ደግሞ ከነፍየሎችህ ስትቆጠር ነው አንድ ሰው የምትሞላው» አለችው።

ቲቸር እንዳለው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ደብተሯን መለሰላት። ከዐረፍተ ነገሩ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ባለቤትና ግስ አልተስማሙም። አስተካክለሽ፣ ከዚህ ከፊተኛው ወረቀት ጋር አያይዘሽ አርብ አምጪ። ካልመጣ ዜሮ።»

ዜሮ ለጀዊሪያ ቀልድ አይደለም። ሰባተኛን እየደገመች ነው። አባቷ አራጌም ቁርጡን ነግሯታል፦ «ዘንድሮም ከወደቅሽ ደብተርሽን በርበሬ መጠቅለያ አደርገዋለሁ።»

ስትወጣ ቲቸር እንዳለው በር ላይ አገኛት። «ቀላል እኮ ነው ጀዊሪያ። ወይ ‹እኔ› ያልሽውን ‹እኛ› በይው፣ ወይ ‹እንጠብቃለን› ያልሽውን ‹እጠብቃለሁ›። ለመሆኑ ማሳው ላይ ስንት ናችሁ?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበር። አፏ ድረስ መጥታ ተመለሰች። «እንደ ቀኑ ነው ቲቸር» አለችውና ሄደች።

የእነ ጀዊሪያ ማሳ ከቆቦ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል፤ ስለዚህ አራት እንጨት ተተክሎ በላዩ ርብራብ ይደረግና ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ ይወጣል። ማማ ነው የሚባለው። አምና ሁለት ማማ ነበራቸው። በዚህኛው ጫፍ ጀዊሪያ፣ በወዲያኛው ታላቅ እህቷ ዚነት። ጀዊሪያ «ሁዬ» ስትል ዚነት «ሄዬ» ብላ ትቀበላለች፤ ወፉ መሃል ላይ ማረፊያ ያጣል። በመካከሉ ሐሜቱም፣ ስድቡም፣ ዘፈኑም በማሽላው ላይ ሲወራወር ይውላል። የጎረቤት ጠባቂ ሁሉ ወሬያቸውን ሰምቶ ነው የሚገባው።

ዚነት በሚያዝያ ዋጃ ለሚኖር ሰው ተዳረች። ማማዋ እዚያው እንደቆመ ነው። አሁን ግሪሳው አረፍ ይልበታል።

ጀዊሪያ ማማዋ ላይ ሆና ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ «እኔ»ን ሰርዛ «እኛ» አለች። ቀና ብላ ወደ ወዲያኛው ጫፍ አየች። ውሸት በቀይ ባይሰመርበትም ያው ውሸት ነው። ሰረዘችው። ቀጥላ «እጠብቃለሁ» ብላ ጻፈች። ቃሉ ብቻውን ቆሞ ሲያያት አናደዳትና ወረቀቱ እስኪቀደድ ፋቀችው።

ሐሙስ ማታ የእናቷን የሳሊሀን ስልክ ይዛ ጓሮ ወጣችና ዋጃ ደወለች።

«ዚነቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድርሰት ላይ ‹እኛ ማሽላ እንጠብቃለን› ብል ውሸት ይሆናል?»

«የምን ማሽላ?» አለች ዚነት። ከኋላዋ የውሃ ሞተር ይጮሃል። «እኛ ዘንድሮ ማሽላ አልዘራንም። ሽንኩርት ነው ያለማነው። እኛ ዘንድ የወፍ ጣጣ የለም፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጀዊሪያ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው። «እናንተ» አለች በቀስታ።

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

«በርቱ አልኩ።»

«አንቺስ ጀዊዬ? ማን ያግዝሻል?»

«ሞልቶ። ወፉ ራሱ ስንት ነው።»

ዚነት ሳቀች። ያ ሳቋ ግን አልተለወጠም፤ ለጀዊሪያ የባሰባትም ያ ነው።

ስልኩን ለእናቷ መልሳ አዲስ ገጽ ገለጠች። አልሰረዘችም፣ አልፋቀችም። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አምና እኔና እህቴ ዚነት ማሽላ እንጠብቅ ነበር። ዘንድሮ እኔ ማሽላ እጠብቃለሁ። የዚነት ማማ ላይ አሁን የሚያርፈው ወፍ ነው።»

አርብ ቲቸር እንዳለው ቆሞ አነበበው። ቀዩ እስክሪብቶ ከጆሮው ወርዶ ወረቀቱ ላይ አንዣበበ፤ ሳይነካው ቆየ።

«ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ማን ጨምሪ አለሽ?»

«ማንም። ይውጣ?»

«ተይው፣ ይቀመጥ» አለና ከታች ጻፈላት፦ «ባለቤትና ግስ ተስማምተዋል። 9/10።»

«አንዷ የት ሄደች ቲቸር?»

«የፊተኛውን ወረቀት ቀደሽዋል። ለሱ ነው።»

መህዲ አንገቱን አሰገገ። «ንግሥት፣ ስንት አገኘን?»

«ዘጠኝ» አለችው። «ለብቻዬ።»

ከሰዓት ማማዋ ላይ ወጣች። ዘጠኟን የምታሳየው ሰው በዙሪያዋ አልነበረም፤ ደብተሯን አጥፋ ርብራቡ ሥር ሸጎጠች። «ሁዬ» አለችና፣ እንደ ልማዷ፣ የዚነት መልስ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀች። በዚያች ክፍተት ግሪሳው በወዲያኛው ጫፍ ዘጭ ብሎ ወረደ።

ወርዳ በማሳው ዳር ሮጠች። የዚነት ማማ ላይ ወጥታ ወፉን በወንጭፍ በተነችና ከዚያው ሆና «ሄዬ» አለች። ድምጿ ማሽላውን አቋርጦ ሄደ። በማዶ፣ የሷ ማማ ላይ፣ ግሪሳው ቦታ ቦታውን እየያዘ ነበር።