ለኋላ ወንበር የሚሆን ሾክ አብዞርበር

ሐኪሙ "መንገዱ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ሲጠይቀው ሾፌሩ ትንሽ ሊዋሽ አስቦ ነበር። አፉ ላይ የመጣለት ግን እውነቱ ሆነ።

"ሁለት ሰዓት አስፋልት፣ ሁለት ሰዓት ድንጋይ።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። የሾፌሩ ባለቤት ወገቧ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አንድ ክፉ መንገጫገጭ የተሠራውን ሁሉ ሊያበላሸው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እግሯ ላይታዘዛት ይችላል። እዚያው እንዳትቆይ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተይዟል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ማረፊያ የሚሆን ዘመድ የላቸውም።

"ነገ ጠዋት ትወጣለች፤ ተጋድማ ትሂድ። መኪናው እንዳያንገጫግጫት ብቻ" አለ ሐኪሙ። ሐኪም ሲናገር ሁሉም ነገር "ብቻ" ነው። ከዚያ ወረቀቱን እያገላበጠ "ከዚህ በፊት በመኪና ብዙ ትሄድ ነበር?" ሲል ጠየቀ።

"ያለ እኔማ የት ትሄዳለች፤ ልብስ ሰፊ አይደለች? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ገበያ የማደርሳት እኔ ነኝ" አለ ሾፌሩ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ አንድ ነገር ጻፈ።

ሾፌሩ ከሐኪም ቤቱ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል። ተሳፋሪ የሚያመላልስባት መኪናው ጎማዎቿ ትልልቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ዳገት የማትፈራ ናት። ሾክ አብዞርበሮቿ ግን፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ንዝረቱን ይዘው የሚያስቀሩት እነዚያ ወፋፍራም ቱቦዎች፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዘይት ያለቅሳሉ። "ገና ይሠራሉ" ሲል ከረመ። ሾፌር እንዲህ ነው፤ የራሱን ጥርስና የመኪናውን እግር እስኪወድቁ ድረስ አያሳክምም።

መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመለት። አንደኛው ቀይ፣ የክንድ ያህል የወፈረ ነው። ሌላው ጥቁር፣ ቀጠን ያለ፣ ዓይን የማይሞላ።

"ወንድሜ፣ ጀግናው ይሄ ነው" አለ ባለሱቁ ቀዩን መታ መታ እያደረገ። "በረሃ ለበረሃ የሚወዳደሩት የሚያስሩት እሱን ነው። መኪናህ መሬት ነክሳ ነው የምትሄደው።"

"አያንገጫግጭም?"

"መሪው እጅህ ላይ ንቅንቅ አይልም።"

ሾፌሩ ስለ ሚስቱ ወገብ ጠየቀ፤ ባለሱቁ ስለ መሪው መለሰ። ሁለቱም ልዩነቱን ልብ አላሉም። ከወፍራምና ከቀጭን፣ ከጠንካራና ከለስላሳ ሾፌሩ የቱን እንደሚመርጥ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀዮቹን አራቱን ተሸክሞ እየሮጠ ሄደ።

መካኒኩ ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቀስ በቀስ" ይለዋል። ብሎን ከመፍታቱ በፊት ብሎኑን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል። የቸኮለ ሰው እሱ ጋ ሲደርስ ወይ ይታገሳል ወይ ያብዳል።

"ስንት ኩንታል ልትጭን ነው?" አለ ቀዮቹን እያየ።

"ባለቤቴን ነው ጋሼ። ከሐኪም ቤት ላወጣት ነው።"

"እሷ ስንት ኩንታል ናት?"

"ጋሼ፣ ዛሬስ አይቀልዱብኝ። ነገ ጠዋት መነሳት አለብኝ፤ ብቻ ይግጠሙልኝ።"

"የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ" አለና ሽማግሌው መኪናዋ ሥር ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጥሞ ጨረሰ። ከጋራዡ ጀርባ ወደ ድንጋይ መፍጫው የሚወስድ የተቦዳደሰ መንገድ አለ፤ ሾፌሩ በዚያ ነዳ። መሪው አልተንቀጠቀጠም፤ መኪናዋ ኩርባውን ይዛ ዞረች። ከሐኪሙ ፊት ከተነሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"አዩልኝ ጋሼ? መሬት ነክሳ ነው የምትሄደው።"

"አየሁ። በል አሁን ውረድና ኋላ ለእሷ ያነጠፍከው ፍራሽ ላይ ተኛ፤ እኔ ልንዳ።"

"እኔ? ኋላ?"

ሾፌሩ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የገዛ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ምን ሊያደርግ ይቀመጣል? ጋቢና የእንግዳ ነው፤ ሽማግሌ ካለ ለሽማግሌ፣ አራስ ካለች ለአራስ ይለቀቃል። ባለቤቱ "እኔ የቤት ሰው ነኝ" እያለች ከኋላ፣ ከግራው ጎማ በላይ ያለችውን ቦታ ለራሷ አደረገች። ከጎኗ ግድግዳው ላይ መያዣ እጀታ አለ። ሁለት ጊዜ ነቅላዋለች። ሁለተኛውን ስትነቅል ሾፌሩ ተሳፋሪ ሁሉ በሰማበት "የሴትዮዋ እጅ መዶሻ ነው፤ መኪናዬን ፈታታ ልትጨርሳት ነው" አለ። ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

አሁን ፍራሹ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። ሽማግሌው ነዳ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ወገቡን አንስቶ ፈጠፈጠው። ሁለተኛው ጥርሱን ከጥርሱ አጋጨው። ሦስተኛው ላይ እጁ ሳያዘው ሄዶ እጀታውን ጨበጠ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠው።

"እንዴት ነው?" አለ ሽማግሌው ከፊት።

"ምንም አይል" አለ ሾፌሩ።

ከአፉ ሲወጣ ጆሮው አወቀው። የእሷ ቃል ነው። በመስታወቱ "እንዴት ነሽ?" ሲላት፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያቺን ሁለት ቃል ብቻ ነበር የምትመልስለት። ሆድ ይፍጀው ብላ ነው እንጂ ምንም ሳይል ቀርቶ አይደለም። የሐኪሙ ጥያቄም አሁን ገባው። ከዚህ በፊት በመኪና ብዙ ትሄድ ነበር? ደረቱን ነፍቶ የመለሰው መልስ አሳፈረው።

"ጋሼ፣ ያቁሙልኝ።"

ሽማግሌው አቆመና ዞር አለ። "ቀዩ ጥሩ ዕቃ ነው። ሲሚንቶ ብትጭን አንደኛ ነው። ባዶ መኪና ላይ ግን ጠጠሩን ሁሉ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አንተ ከፊት ሆነህ አታውቀውም። እዚህ ጎማው ላይ የተቀመጠ ነው የሚያውቀው።"

እየነዱ ወደ ሱቁ ተመለሱ። ባለሱቁ አንገቱን ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ የታሰረ ዕቃ አይመለስም።"

ሾፌሩ አልተቆጣም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበትም አልቀረለትም። የኋላውን በር ከፈተለት። "ና አንዴ ተኛበት። እስከ መንገዱ ጫፍ ልንዳህ። ካስቻለህ እኔም አልመልስም።"

ባለሱቁ ፍራሹን አየ፣ የሾፌሩን ፊት አየ። አልተኛም። ጥቁሮቹን አወጣለት።

ሽማግሌው ቀስ በቀስ ያን ቀን ብቻ ስሙን ክዶ ተጣደፈ። ሲገጥም፣ ሲነዳ፣ ሾፌሩ ኋላ ሲተኛ፣ ከጎማው ትንሽ አየር ሲቀንስ፣ እንደገና ሾፌሩ ሲተኛ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ጨረሱ። ጥቁሮቹ ጉድጓዱን አያጠፉትም፤ ለዘብ አድርገው ያሳልፉታል እንጂ። ይበቃ እንደሆነ ሾፌሩ ሽማግሌውን ጠየቀው። "ከዚህ በላይ የምትችለው ቀስ ማለት ነው" አለው።

ጠዋት ሁለት ነርሶች ባለቤቱን ደግፈው ፍራሹ ላይ አስተኟት። ሾፌሩ ብርድ ልብሱን አስተካከለላት፣ እንደገና አስተካከለላት።

"ስሚ፣ ዛሬ 'ምንም አይል' የሚባል ነገር የለም። ካመመሽ 'አመመኝ' በይኝ።"

"ምን ነካህ?"

"በቃ በይኝ።"

"እሺ" አለች፤ ዓይኗ ግን አላመነም።

አስፋልቱን በሰላም ጨረሱት። ድንጋዩ ሲጀምር ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። እግረኛ እየቀደመው ነዳ። ዓይኑ አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ መስታወቱ ላይ ነው። እያንዳንዱን ጠጠር በራሱ ወገብ ቆጠረው። እሷ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋን ደግሞ አሁን አያምነውም። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ የኋላው ጎማ ከአንድ ድንጋይ ላይ ወረደ።

"እንዴት ነሽ?"

ቀስ ብላ፣ "አመመኝ" አለች።

ፍሬኑን በእንቁላል ላይ እንደሚቆም ሰው ረገጠ። ወርዶ እየተደናቀፈ ዞረና በሩን ከፈተ።

"የቱ ጋ ነው? እግርሽን፣ እስቲ እግርሽን አንቀሳቅሺ።"

ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ የእግሯ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። እጇ ሆዷ ላይ አርፏል፤ እጀታውን አልያዘችም።

"አላመመኝም" አለች። "አመመኝ ብልህ ትቆም እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።"

በሩን እንደያዘ አያት።

"ቆምኩ" አለ።

"ቆምክ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አይቶ፣ እንዳላየ ሆኖ በሩን በቀስታ ዘጋላት።

ገና አንድ ሰዓት የሚያህል ድንጋይ ይቀራል። ከወንዙ ወጥተው ዳገቱን ጥቂት እንደሄዱ ድምጿ ከኋላ መጣ።

"አሁን ግን የእውነቴን ነው። ትንሽ ቁምልኝ።"

ቆመ።