ቁጥሩ ሙሉ ነው

«እዚህ ያሉት ሁሉ የኛ ናቸው እትዬ፤ በር ላይ ቆጥረን ነው ያስገባናቸው» አለኝ ጎረቤቴ የቧንቧ ሠራተኛው፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ብቅ እያለ። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው።

«የናንተማ የናንተ ናቸው፤ ማን ወሰደባችሁ? እኔ የምልህ፣ ፌንጣ እናንተ ጋ አልገባችም ወይ ነው።»

«አልገባችም። ያለን ስድስት፣ የገባው ስድስት። ቁጥሩ ሙሉ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የልጆች አባትም አንዴ ቁጥር ከያዘ እንደዚያው ነው።

ፌንጣ የልጄ ልጅ ናት። ለአያትነት የቸኮልኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ናት የቸኮለችው። እሷ ሥራ ስትሄድ ልጅቷ እኔ ጋ ትውላለች። ትውላለች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ስትዘል ነው የሚመሽላት። ያን ዕለት በር ላይ ኳስ ስታንከባልል ትቻት ድስት ላማስል ገባሁ፣ ስመለስ ኳሱ አለ፣ እሷ የለችም።

ጎረቤቶቼ ደግሞ እንዲህ ናቸው። እሱ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ቤት ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሰውን ራስ ስታሳምር ውላ የራሷን በሻሽ ጠቅልላ ትገባለች። ሲጋቡ «ሁለት ልጅ ይበቃናል» ብለው ነበር አሉ። ይበቃናል ያሉትን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ትልቋ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወንድሞቿንና እህቷን ስለምታዝዝ ሹሟ እንላታለን። ከሷ ቀጥሎ አንድ ወንድ ልጅ አለ፣ ከዚያ አምስት ዓመት የሞላት ጭጭ፣ ከዚያ መንቶቹ፣ መጨረሻ ላይ ገና የሚድኸው ሕፃን።

ጭጭ የተባለችው ድምፅ ስለሌላት ነው። ዲዳ አይደለችም፤ ብቻ ሌሎቹ ሲናገሩ ትጠብቃለች፣ ሌሎቹ ደግሞ አይጨርሱም።

ያ ቀን የጫማ ቀን ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እነዚህ ሰዎች ለሁሉም በአንድ ቀን ነው ጫማ የሚገዙት። ለአንዱ ብቻ የተገዛ እንደሆነ የቀሩት አምስቱ ቤቱን በለቅሶ ያፈርሱታል። ትልልቆቹም ትንንሾቹም ተሰልፈው ወጡ። ሲመለሱ አባትየው ከመሥሪያ ቤቱ በተዋሳት ፒካፕ የጫማ ካርቶኖቹንና ከፊሎቹን ልጆች ጭኖ መጣ፤ እናትየው የቀሩትን ይዛ በአውቶብስ። ቁልፉ እሷ ጋ ስለነበር አባትየው በር ላይ ጠበቃት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እሷ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ራስ በመዳፏ እየነካች አስገባች። ስድስት ራስ ነካች። ከዚያ ሁሉም በቀጥታ ወደ ገላ መታጠቢያ!

የገላ ነገራቸውን ካላያችሁ አታምኑም። ፋብሪካ ነው። አባት ሳሙና ይመታል፣ ወንዱ ልጅ ውኃ ይደፋል፣ ሹሟ በፎጣ ትጠቀልላለች፣ እናት ሳሎን ተቀምጣ የመጣላትን ታበጥራለች። ማን ማንን እንዳጠበ አይጠየቅም። የተጠቀለለ ይወጣል፣ ያልተጠቀለለ ይገባል።

«እስቲ ግን ልይ» አልኩና በአባትየው ክንድ ሥር አለፍኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ቦታ ያገኘሁት በጫማ ካርቶኖች መካከል ነው። መንቶቹ ራቁታቸውን አዲስ ጫማቸውን አጥልቀው ይሯሯጣሉ። ሕፃኑ የካርቶን ክዳን ያኝካል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታኝ አንዲት በፎጣ የተጠቀለለች ልጅ ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ፀጉሯን ትፈታለች፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዳቦ ትገምጣለች።

«ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ሹሩባ ነው!» ትላለች እናትየው ለራሷ። «መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ! አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ማነው የሠራሽ? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ዳቦዋን ዋጥ አድርጋ ሌላ ገመጠች።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አለች እናትየው፣ አሁን ቀስ ብላ። የፀጉር ሠሪ ጣት እንደ ጸሐፊ እጅ ነው፤ የራሱን ያውቃል። «ይሄ በጭራሽ የኔ እጅ አይደለም።»

«የኔ ነው» አልኩ ከኋላዋ። ዓይኔንም አልጨፈንኩም ነበር፣ ግን እሱን አልጨመርኩም።

ዞረች። ፎጣዋን ገለጠች። ፌንጣ! ጉንጯ በዳቦ ተወጥሮ፣ ገላዋ ታጥቦ፣ ጥፍሯ ሳይቀር ተቆርጦ።

«አንቺ ልጅ! ስጠራሽ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ፌንጣ። «ግን ተሰልፌ ነበር።»

ሳቁ እንዴት ያለ ሳቅ ነበር መሰላችሁ! እናትየው ፎጣውን አፏ ላይ ይዛ ተንከተከተች። አባትየው ከመታጠቢያው መጥቶ በሩን ተደግፎ፣ «እኔ እኮ ዛሬ ይቺ ልጅ ምነው አወራች ብያለሁ! ስቀባት ሁሉ ዘፈነች!» እያለ አረፋውን ፊቱ ላይ አሻሸው። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ያልሳቀችው ሹሟ ብቻ ናት። ደረቅ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ቆማ፣ «እና ስድስተኛዋ ማናት?» አለች።

ሳቃችን እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ።

«ጭጭ!» አለች እናትየው። መጀመሪያ ወደ መኝታ ቤቱ፣ ቀጥሎ ወደ መታጠቢያው ሮጠች፣ ከዚያ ካርቶኖቹን እያነሣች ሥራቸውን አየች፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ልጅ ይገባ ይመስል። «ካንተ ጋር በመኪናው አልመጣችም?»

«ካንቺ ጋር በአውቶብስ አልመጣችም?»

«አንተ ጋ ነው የተውኳት!»

«እኔማ አንቺን ይዛ ቆማ ነው ያየኋት!»

«የት?»

«ጫማ ቤቱ ውስጥ።»

 ጫማ ቤቱ ያለው ሰባት ፌርማታ አልፎ፣ ከባድ መኪና የማይቋረጥበት ሰፊ መንገድ ዳር ነው። ፀሐይ እየወረደች ነበር፤ በዚያ ሠፈር ያሉ ሱቆች ደግሞ ከፀሐይ ጋር ነው የሚዘጉት። ልጅቷ ቤቷን ልፈልግ ብላ ብቻዋን ከወጣችና ያን መንገድ ልሻገር ካለች…

አባትየው ከነአረፋው የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። እናትየው ክንዴን ጨምድዳ አልለቅም አለች። ፌንጣን በፎጣው ላይ ሹራቤን ደርቤላት አቀፍኳት፤ ያን ቀን ከእጄ የምለቃት አልነበረችም።

«ሂዱ፣ እኔ አለሁ» አለች ሹሟ፣ አንዱን መንታ በብብቷ ሥር ይዛ። «ስትመለሱ ግን እኔ ነኝ የምቆጥረው።»

ፒካፗ ውስጥ አራታችን ፊት ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን። አባትየው ጡሩምባውን እንደ ሠርግ መኪና ያስጮኸዋል። እናትየው ግን እኔን እንጂ መንገዱን አታይም።

«ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ።

እኔ ምኑን አውቃለሁ?

«ቀይ ሹራብ» አለ አባትየው።

«ቀዩ የፌንጣ ነው!» ብላ ጮኸችበት፤ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የመንቶቹን አስታውሳለሁ። አንዱ የሌላውን ጫማ አጥልቆ አላወልቅም ብሎ ሱቁን ሲያምሰው አስታውሳለሁ። ሕፃኑ ትከሻዬ ላይ ያስታወከውን አስታውሳለሁ። እሷን ግን… ጫማ ስትለካ እንኳ አላየኋትም፣ እትዬ። ምን እናት ነኝ እኔ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሾፍባት ነበር። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። «የስድስት ልጆች እናት ነሽ፤ እጅሽ ግን ሁለት ነው» አልኳት። እጇን ያዝኩት፤ አሁንም የሳሙና ሽታ አለው።

ስንደርስ የሱቁ የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ወርዷል። እናትየው መኪናው ሳይቆም ነው የወረደችው። መዝጊያው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፣ እኛም ተከተልን።

ጭጭ እዚያው አለች።

ጫማ መለኪያው አግዳሚ ላይ፣ ከመስተዋቱ ፊት ለፊት፣ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። የለበሰችው ቢጫ ነው። ጎኗ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አለ። ዙሪያዋን የተበታተኑ ጫማዎች ተከምረው፣ ቀኙን ከግራው እያገናኘች ወደ ካርቶናቸው ትመልሳለች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው ጫማ ሻጭ ከሷ እየተቀበለ መደርደሪያ ላይ ይሰካል።

«መጣችሁ?» አለ ሻጩ። «ይዣት ልወጣ ነበር። የናንተ ልጆች የበታተኑትን ነው የምትሰበስበው። ‹ቤተሰቦችሽ የት አሉ?› ብላት፣ ‹ሌሎቹን ይጨርሱና ይመጣሉ› አለችኝ። እንደ እሷ ያለ ሠራተኛ አግኝቼ አላውቅም፤ ቁርጥ ዋጋ ንገሩኝ።»

አባትየው ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። እናትየው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጭጭን ከነያዘችው ጫማ አቅፋ፣ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳመች።

«እናቴ! የኔ ዓለም! ስንወጣ ለምን አልጮህሽም? ለምን አላለቀስሽም?»

ጭጭ ነገሩን አሰበችበት። ሁላችንም ጠበቅናት፤ ፌንጣ እንኳ ዝም አለች።

«ላለቅስ ስል መንቶቹ ቀደሙኝ።»

«እሺ፣ እኛ ከሄድን በኋላስ?»

ጭጭ በእጇ የቀረውን ግራ እግር ጫማ ከካርቶኑ ውስጥ ከጓደኛው ጎን አጋደመችው፣ ክዳኑንም ገጠመችው።

«ከሄዳችሁ በኋላማ» አለች፣ «ለማን ብዬ?»