ዶክተር ይታያል አዋላጅነት ሲፈተኑ

የማዕከላችን ሙሉ ስም «የመማር ማስተማር ቴክኖሎጂ መርጃዎች ማዕከል፣ ቱነይድባ ቅርንጫፍ» ነው። ሰሌዳው ላይ ቦታ ስላነሰ «ቅርንጫፍ» የሚለው ቃል ወርዶ የበሩ መቃን ላይ ተጽፏል። ቤቱ ከስሙ ያንሳል፤ አንዲት የዚንጎ፣ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጣሪያዋ ላይ ሶላርና ኔት ከሰማይ የሚቀበል ሳህን አለ፤ ውስጧ ሃያ አራት ታብሌትና ግድግዳ የሚያህል ስማርት ቦርድ። እኔ ራሒማ ደግሞ «የቴክኖሎጂ ባለሙያ» ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት ገዳሪፍ ገበያ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መታወቂያ ሳባዛ ኖሬያለሁ። ማዕከሉን ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም ገዳሪፍ ሲገባ፣ አማርኛም ዓረብኛም የሚችል፣ መሣሪያ የማይፈራ ሰው ለቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ፈለገ። እኔ ተገኘሁ።

ሙዲራችን፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ዶክተር ይታያል ናቸው፤ ገዳሪፍ ተወልደው ያደጉ የጎንደር ሰው ልጅ። በምን እንደ ዶከተሩ የሚጠይቃቸው የለም፤ እኔ ግን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ራሴ ስላባዛሁት አውቃለሁ። ስለ ሰሊጥ አከመቻቸት ነው። ክፋት የለውም፤ አገሩም የሰሊጥ አገር ነው። ችግሩ፣ ያንኑ ትምህርት ታብሌት ላይ አመጡት። «ፕላስቲኩ እንዳይነሳ!» አሉ በመጀመሪያው ቀን። ስለዚህ ተማሪው የሚነካው በፕላስቲኩ ላይ ነው፤ ሦስቴ ካልተጫነ ታብሌቱ አይሰማውም። ስማርት ቦርዱን ባለቤታቸው ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። ዳንቴሉ የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ያን ቀን ተማሪዎቹ ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ፣ እኔ ደጁ ላይ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እረጫለሁ፣ ዶክተር ከረባት ያስራሉ። እንግዳው ሲሄድ ዳንቴሉ ይመለሳል፤ እኛም ወደ ጠመኔያችን እንመለሳለን።

አሁን ብፅአትን ላስተዋውቃችሁ። ከኢትዮጵያ ተሰድዳ ቱነይድባ ስትገባ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዓረብኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። አሁን በዓረብኛ የሰማችውን ለጓደኞቿ በአማርኛና በትግርኛ እያስረዳች የክፍሉ አለቃ ሆናለች። የአንድ ዓመቱ የአዋላጅ ረዳትነት ትምህርት የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነው። ካለፈች የካምፑ ክሊኒክ ቦታ ይዞላታል፤ ከወደቀች ደግሞ ተመልሳ ወደ ዶካ፣ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ነው። ሁለት መኸር ሄዳ አጭዳለች፤ መዳፏን ያየ ሰው ሦስተኛ አይመኝላትም። ፈተናው በታብሌት ሲሆን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። አንድ ሰው የሚፈተነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብፅአት ረቡዕን መረጠች።

ማክሰኞ እንግዶች መጡ።

ሦስት ነጭ መኪና ሙሉ ነበሩ። ዳንቴሉ ተገለጠ፣ ጋዋኑ ተለበሰ። ብፅአት ደጅ ቆማ እንግዳ እንድትቀበል ታዘዘች፤ ቆንጆ እንግሊዝኛ «ዌልካም» የምትል እሷ ናት። ዶክተር ሁሉን ካሳዩ በኋላ ወሬ አለቀባቸው፤ እንግዶቹ ግን ገና አልተነሱም። ያኔ ነው «ፈተናውን ራሱን ላሳያችሁ» ያሉት። የክፍሉ አለቃ ታብሌት ከላይ ተቀምጦ ስለነበር እሱን አነሱ። ጀርባው ላይ በፕላስተር የብፅአት ስምና የይለፍ ቃሏ ተለጥፏል።

የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ተማሪው የይለፍ ቃል ሲጠፋበት አርብ ሳይል እየደወለ ስለሚያስቸግረኝ፣ የሁሉንም ጽፌ ጀርባ ጀርባው ላይ ለጠፍኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዶክተር ጥያቄውን አላነበቡም። ማንበብ ለሚፈተን ሰው ነው፤ እሳቸው የሚያሳዩ ናቸው። ፕላስቲኩን እየተጫኑ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይነካሉ። «ቴክኖሎጂ ማለት ፍጥነት ማለት ነው!» እያሉ ሃምሳውን ጥያቄ በአራት ደቂቃ ጨረሱት። በመጨረሻ ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። ዶክተር ይታያል በሕይወታቸው እርግጠኛ ሳይሆኑ የዋሉበት ቀን የለም፤ ተጫኑት። ስማርት ቦርዱ ላይ በዓረብኛ ቁጥር፣ በቀይ ቀለም ወጣ፤ ስድስት ከሃምሳ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚነካ ሰው እንኳ የዚያን እጥፍ ያገኛል። እንግዶቹ ዓረብኛ አያነቡምና አጨበጨቡ። አንዷማ ፎቶ አነሳችው።

እኔ ከቁጥሩ በላይ የተጻፈውን ስም አየሁ፤ ብፅአት ይላል። ዝም አልኩ። እንግዳ ፊት አለቃ አይዋረድም ተብለን ነው ያደግነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን እስኪመሽ ስነቅዝ ዋልኩ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ነገር ይደረግ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ረቡዕ ጠዋት ብፅአት ታብሌቱን ይዛ መጣች።

«ኻልቲ ራሒማ፣ ጨርሰሻል ይለኛል። እኔ እኮ አልጀመርኩም።»

ነገርኳት። ፕላስተሩንም ጨምሬ ሁሉን ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እሺ፣ አሁን ምን ይደረጋል?» አለች። ገዳሪፍ፣ ዩኒቨርሲቲው ፈተና ክፍል ደወልን። የመለሰልን ሰው ቅን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ ያ ሰው ራሱ ጀዋብ ይጻፍ፣ «የተፈተንኩት እኔ ነኝ» ብሎ በስሙ ይፈርም፣ የማዕከሉ ኺትም፣ ማኅተሙ፣ ይመታበት፣ ፎቶውን ላኩልኝ አለ። ከሐሙስ ስድስት ሰዓት በፊት ከደረሰው ፈተናውን ይከፍትላታል፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን ውጤቱ ይጸድቃል።

አንድ ደብዳቤ! በደስታ ወደ ዶክተር ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው።

«ራሒማ፣ አስበሽዋል?» አሉኝ። «ዶክተር ይታያል በአዋላጅነት ስድስት አመጡ ተብሎ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ?»

«ልጅቷስ ዶክተር?»

«ለከርሞ ትድገም። መደጋገም የዕውቀት እናት ነው።»

«ያልተፈተነችውን እኮ ነው የምትደግመው።»

«ሲስተም አይሳሳትም። የይለፍ ቃሏን መጠበቅ የሷ ኃላፊነት ነበር።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉትም ይኸው ነው። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ማሽን ያበላሸውን የሚያቃና ሌላ ማሽን የለንም፤ ያለን ሽማግሌ ነው። ካምፑ ውስጥ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ የራሽን ሰልፍ ላይ ሰው ሲፈነካከት የሚጠሩት አያ ጋረደውና ሼህ ጀማሉ ናቸው፤ አንዱ ከማተባቸው፣ ሌላው ከመቁጠሪያቸው አይለዩም፣ ሁለቱ ግን ከአንድ አፍ ይናገራሉ። ለተፈተነ ፈተና ሽማግሌ ሲላክ በዓለም የመጀመሪያው ሳንሆን አንቀርም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ወደ ዶክተር ቢሮ ገቡ፤ እኔና ብፅአትም ታብሌቱን ይዘን ተከተልን። ዶክተር ወደ ከሰላ ሊሄዱ ሻንጣቸውን እየዘጉ ነበር፤ እዚያ ሥልጠና ይሰጣሉ። የሥልጠናው ርዕስ «ቴክኖሎጂን ለተማሪ ማቅረብ» ነው።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አሏቸው።

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ አያ ጋረደው። «ልመና ይዘን መጥተናል። እርስዎ እሺ ካሉን በኋላ እንቀመጣለን።»

እንዲህ ነው ወጉ፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል። ዶክተርም ወጉን ስለሚያውቁ አላስቸኮሏቸውም። ስለ ክብራቸው ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ስለ ማዕከሉ ስም ተናገሩ። ስለ እንግዶቹ ጭብጨባም ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ውጭ ወጥተው ተመካከሩ፣ ተመለሱ፣ መረቁ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ አምስት ሰዓት አልፏል።

ሽምግልና ደግሞ ክፉ ልማድ አለው፤ አጥፊው አንድ ሰው ቢሆንም ጥፋቱን ለሁለት ያካፍላል። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ብፅአት የታላቅ ሰው ስም በክፉ እንዲነሳ ምክንያት ስለሆነች የዶክተርን ጉልበት ትስማለች። ዶክተርም ጀዋቡን ይጽፋሉ፤ ግን ስማቸው አይገባም፤ «አንድ ያልታወቀ ሰው ነካው» ይላል።

«ያለ ስም አይቀበሉም!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ» አሉኝ ሼህ ጀማሉ። «እርቅ በጩኸት አይሆንም።»

ብፅአት ከጥግ ተነሳች። ልትንበረከክ ነው ብለን ሁላችንም መንገድ ለቀቅንላት። ዶክተር ጉልበታቸውን አስተካከሉ። እሷ ግን ታብሌቱን ከጠረጴዛው አነሳች።

«እስማለሁ፣ አያ» አለች ወደ አያ ጋረደው ዞራ። «ከመሳሜ በፊት ግን በኔ ስም ምን እንደተመለሰ ላንብብላችሁ። ፈተናው ሲያልቅ መልሱን ያሳያል።»

«ይሄ የፈተና ምስጢር ነው!» አሉ ዶክተር።

«ለእንግዳ በግድግዳ ሙሉ ያሳዩት ምስጢር?» አልኩ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ፎቶ ኮፒ ቤቱ የትም አልሄደም።

ብፅአት ከዓረብኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ቀስ ብላ አነበበች። «የተወለደው ሕፃን አላለቀሰም፤ አይተነፍስም። መጀመሪያ ምን ይደረግለታል? የተመለሰው፦ የላም ወተት መስጠት።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሼህ ጀማሉ። አፋቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ፤ ይሳቁ ይሳሉ አልለየሁም። እኔ ግን ስቄያለሁ።

«ቀጥዪ» አሉ አያ ጋረደው።

«እናትየው ወለደች፤ እንግዴ ልጁም ወጣ። ደሟ ግን አልቆም አለ፤ ማህፀኗ ልል ነው። መጀመሪያ ምን ይደረጋል? የተመለሰው፦ ተነስታ እንድትራመድ ማድረግ።»

ይሄኛውም ያስቃል ብዬ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ሼህ ጀማሉ ወደ መሬት አቀርቅረዋል። አያ ጋረደው በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ስህተት ነው?» አሉ።

«ስህተት ነው፣ አያ።»

«ልኩስ?»

«እምብርቷ አካባቢ እጅን አሳርፎ ማህፀኗን ማሸት። እስኪጠነክር ድረስ፣ አጥብቆ። ክሊኒክ እስክትደርስም አለመተው።»

«በምን መሣሪያ?»

«በእጅ ነው።»

«በእጅ ብቻ?»

«በእጅ ብቻ፣ አያ።»

አያ ጋረደው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ትህትና፣ ነፍሷን ይማር፣ የልጄ ሚስት ነበረች። ካምፑ በገባን በሁለተኛው ዓመት ወለደች፤ ደሙ አልቆም አለ። እኛም አራመድናት። ከቤት እስከ መንገዱ፣ መኪና እስኪመጣ፣ እኔ በዚህ በኩል ልጄ በዚያ በኩል ይዘን፣ በርቺ እያልን አራመድናት።»

ከዚያ ወደ ዶክተር ዞሩ።

«ጻፍ» አሏቸው።

«አያ ጋረደው፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ፣ ስሜ...»

«በስምህ ጻፍ። እኔ ባላውቅ የማላውቅ ገበሬ ነኝ። አንተ አለማወቅህን በልጅቷ ስም ጥለህ ለመሄድ ነው ሻንጣ የምትዘጋው?»

ዶክተር ይታያልን ከዶከተሩ ወዲህ «አንተ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ብዕሩን ፈልጌ ሰጠኋቸው። ሦስት መስመር ጻፉ፣ ስማቸውን ከነማዕረጉ አሰፈሩ፣ ፈረሙ። ኺትሙን እኔ ራሴ መታሁት፤ አንዴ ይበቃ ነበር፣ ሁለቴ መታሁት። ፎቶውን የላክሁት ለስድስት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያ ቅን ሰውዬ ተቀበለው፤ ለሷ ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፈተላት። ዶክተር ወደ ከሰላ ሄዱ። ሥልጠናውንም ሰጡ አሉ፤ በጣም ተጨበጨበላቸው።

ብፅአት በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ሼህ ጀማሉ ለሶላት ሄዱ። አያ ጋረደው ግን አልሄዱም፤ ከዚንጎው ጥላ ሥር ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣች። «አርባ አራት!» አለችኝ። አቅፌ አዞርኳት፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሽማግሌው ውጤቱን አልጠየቋትም። ነጠላቸውን አውልቀው ጠቀለሉት፤ መሬቱ ላይ አኑረውት ከጎኑ ተንበረከኩ።

«አሳይኝ፣ ልጄ» አሏት። «እጄ የት ነው የሚያርፈው?»

ተንበርክካ እጃቸውን ይዛ አሳረፈችላቸው።

«ጠበቅ ያድርጉት፣ አያ። ያማታል ብለው አይፍሩ።»

አጠበቁ። ክንዳቸው ላይ ያለው ጅማት ሁሉ ተገተረ።

«እንዲህ?»

«እንዲህ ነው። ይበቃል።»

እጃቸውን ግን አላነሱም።

«ይህን ያህል ጉልበትማ ነበረኝ» አሉ።