የእድሩ በርና የራስ ቅሉ

ሦስተኛው ነው። አስቻለች የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆማ የተቀደደውን ወረቀት ከጭቃው አነሳች። በቀይ እስክሪብቶ የሳለችው የራስ ቅል ለሁለት ተተርትሯል፤ ከሥሩ የጻፈችው «አደገኛ ኬሚካል! በግራ በኩል ያሉትን ጀሪካኖች እንዳትነኩ» የሚለው ግን አሁንም ይነበባል። ስትስለው ሁለት ጊዜ አማትባለች። ወድዳ የሳለችው የሚመስለው ሰው ካለ ሞኝ ነው።

«እጁ ይሰበር!» አለች ጮክ ብላ። አንድ መንገደኛ ዞር ብሎ ቢያያትም ግድ አልሰጣትም።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ወር በፊት ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጌቱ፣ ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት ቤት ግማሹን መሳይ ለሚባል ፈሳሽ ሳሙና አምራች አከራዩ። መሳይ የበጠበጠውን ኮስቲክ ሶዳ፣ ያንን ቆዳ የሚልጥ ኬሚካል፣ የሚያስቀምጠው በቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። እድሩስ? ቁስቋም ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ለቅሶ ቤት ውሃ እንዳይቸገር ብሎ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚያስቀምጠው በዚያው በቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። እንግዲህ ይታያችሁ! ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ሽታ የላቸው፣ አንዱም ላይ ምን እንደሆነ አልተጻፈ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ አስቻለች ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ድስት ላለቅልቅ ብላ ከመሳይ ጀሪካን ቀድታ የሦስት ጣቶቿ ቆዳ ተገሽልጧል።

ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ የዚያኑ ቀን ጋሽ ጌቱ ቤት ሄደች። «ለወረዳው ይነገር፤ ለእሳት አደጋም ይነገር፤ በሩ ላይም ምልክት ይለጠፍ» አለቻቸው።

«የምን ምልክት?»

«ያልተማረም የሚያውቀው ነዋ! የራስ ቅልና ሁለት አጥንት።»

ጋሽ ጌቱ ሳቁ። «አንቺ ሴት፣ ጤናም የለሽ? ሰው ሞቶበት ድንኳን ሊወስድ የመጣ ሐዘንተኛ የራስ ቅል እያየ ይግባ? የእድር በር ላይ ሞት ይለጠፋል? ሟርት ነው! ወረዳው ከሰማ ደግሞ ተከራዩን ያስወጣብናል። ሳሙና ነው እኮ፣ በቃ።»

በወሩ ስብሰባ ላይ አነሳችው። አባላቱም ሟርት ነው አሉ። አብሮ አደጓ የዓለምወርቅ እንኳ «ኧረ ተይ አስቻሉ፣ መልአከ ሞትን ደጃችን ድረስ አትጥሪብን» ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ሟርተኛዋ» ሆኖ ቀረ። ስትለጥፍ ጋሽ ጌቱ ይቀድዳሉ፤ ደግማ ስትለጥፍ ደግመው ይቀድዳሉ። መሳይን ያዘችው። «እኔማ ልለጥፍ ነበር፣ ሊቀመንበሩ አይሆንም አሉኝ» አላት። «ጀሪካኑ ላይ እንዳትጽፍስ እጅህን ማን ያዘህ?» ብትለው አንገቱን ደፋ። ለወረዳው ደብዳቤ ጻፈች፤ ግን ማኅተም የሌለው የአንድ ሴት ወሬ ማን ይሰማል ብላ አሰበችና ሳትልከው ቀረች። ማኅተሙ ያለው ጋሽ ጌቱ ኪስ ውስጥ ነው። በዚህ ነገር ዛሬም ድረስ በራሷ ትናደዳለች።

ሦስተኛው ወረቀት በተቀደደ ማግስት ጋሽ ቤዛብሕ አረፉ። አስቻለች በጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፍታ ድንኳኑን አስወጣች። ወደ ቀብር ስትሄድ ቁልፉን ወጥ ለሚሠሩት ሴቶች ኃላፊ ለየዓለምወርቅ ሰጠቻት። «ውሃው በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ! የግራውን እንዳትነኪ፣ በማርያም!»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ሟርተኛዋ» አለች የዓለምወርቅ።

ከቀብር ሲመለሱ እንደ ወጉ ድንኳኑ በር ላይ እጅ ማስታጠብ ተጀመረ። የዓለምወርቅ ጆጉን ሞልታ ቆማለች። መጀመሪያ የደረሰችው የሟቹ ልጅ ኢየሩ ናት፤ ደግፈው ነው ያመጧት። ሁለት እጇን ዘረጋች። ያኔ አስቻለች ከየዓለምወርቅ እግር ሥር ያለውን ጀሪካን አየች። አንገቱ ላይ የተፈታ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። እንዳይፈስ ብሎ ክዳኑን በፌስታል የሚያስረው መሳይ ብቻ ነው።

«አቁሚ!» ሰውን ገፍትራ ደርሳ ጆጉን ከየዓለምወርቅ እጅ ነጠቀች። «ኬሚካል ነው! እጇን ልታቃጥያት ነው!»

ጋሽ ጌቱ ከኋላ ብቅ አሉ። «ደግሞ ጀመራት! ለቅሶ ቤት ነው እኮ፣ ትንሽ አታፍሪም? ውሃ ነው። ታጠቢ፣ ኢየሩ ልጄ።»

አስቻለች ደሟ ፈላ። ጆጉን ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ውሃ ከሆነ እርስዎ ይቅደሙ። እጅዎን ይዘርጉ።»

«ምን?»

«ይዘርጉ እንጂ! ውሃ አይደል? ሳሙና አይደል? ላስታጥብዎ!»

ጋሽ ጌቱ ጆጉን አዩ፤ ሰውን አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው ወሰዱ።

ኢየሩ የራሷን እጆች ተመለከተች። «እኔን ግን ታጠቢ አሉኝ» አለች። ከለቅሶው ብዛት ድምፅዋ ሰልሏል።

የዓለምወርቅ መሬት ላይ ዘጭ አለች። «እኔ ነኝ የቀዳሁት! በቀኝ ያለው አልቆ ነው፣ አንድ ናቸው ብዬ... ወይኔ ጉዴ!»

አስቻለች ስልኳን አውጥታ እሳት አደጋ ደወለች። ቁስቋም፣ የእድር ዕቃ ቤት፣ ኬሚካል ተከማችቷል አለች። ምን ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ጠየቋት። ሁሉም እንዲሰማ የስልኳን ድምፅ ከፍ አደረገችና ስልኩን ጋሽ ጌቱ አፍ ድረስ አስጠጋችው።

«ይንገሯቸው።»

ጋሽ ጌቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ኮስቲክ ሶዳ... ሃያ ሁለት ጀሪካን» አሉ። «አሲድም አለ። ስድስት። ከኋላ ነው፣ ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ፣ በጆንያ ተሸፍኖ።»

አሲድ! ሴቶቹ በየለቅሶው ጎንበስ ብለው ያንን ሸራ ሲጎትቱ ነው የከረሙት። ቁልፍ ያዥዋ አስቻለች ራሷ መኖሩን የሰማችው ገና አሁን ነው። ጋሽ ጌቱ ግን በስልኩ የተጠየቁትን ሁሉ፣ መጠኑንም፣ ቦታውንም፣ የገባበትንም ቀን፣ አንዱንም ሳይስቱ መለሱ።